በወንድም ጋሼ ላይ የተወራው

ታላቅ ወንድሜ ሰክረው ሞቱ የተባለው ውሸት ነው፤ ይጻፍልኝ። በማኅበር ጠላ ሲቀዳላቸው ከንፈራቸውን ብቻ አስነክተው፣ «እንቺ እቴ፣ አንቺው ጨርሺልኝ» ይሉኝ ነበር። አሁን የምጠጣው የራሴን ዋንጫ ብቻ ነው።

በማኅበሩ ቀን፣ ቡሬ ካለው የበቆሎ ማሳቸው ሲመጡ ዓይናቸው ተከደነ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ማኅበርተኞቹ «ጠጥተዋል፣ ይተኙ» ብለው አስተኟቸው፤ በዚያው ቀሩ። ገናዦቹ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሁለት የጥርስ ምልክት ቢያዩም፣ እግራቸው ስላላበጠ «እሾህ ነው» አሉ።

እኔ አልተውኩም። ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«እማማ፣ የአንዳንድ እባብ መርዝ አያሳብጥም። ውስጡ ያለው ፕሮቲን ነርቭ ጡንቻን እንዳያዝዝ ያግዳል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ ከዚያ ትንፋሽ ይቆማል። ወንድምዎ ተነድፈው ነው እንጂ ሰክረው አልሞቱም» አለኝ።