በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ የተተውኩበት ቴአትር

ጅቡቲ በገባሁ በአራተኛው ዓመት፣ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተተውኩ። የተወኝም ያው አንድ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ሆዳን በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለች የአንዲት የአገሬ ልጅ ምግብ ቤት እሄዳለሁ። የከባድ መኪና ሾፌሮችና እንደኔ ያሉ የቤት ሠራተኞች የምንገናኘው እዚያ ነው። ጥግ ላይ ሁልጊዜ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ነበር። ፍልስፍና ተምሮ መጥቶ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጭነት ወረቀት ይተረጉማል። ሾፌሮቹ «ምሁሩ» ይሉታል። ሲበላ እንኳ ያነባል፤ አንድ ቀን እንጀራውን ቆርሶ በወጡ ፈንታ የመጽሐፉን ገጽ ሲጠርግበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሰው ለገና ቴአትር ጻፈ። ሦስት ሴቶች በየተራ አንድ ምሁር ይወዳሉ፤ እሱ መውደድ አያውቅበትምና ሦስቱንም ያሰናብታል። ምሁሩን ራሱ ሊጫወት ወሰነ። ሴቶቹን እንድንጫወት እኔን ጨምሮ ሦስት ልጆች ለምኖ ነበር፤ ሁለቱን አሠሪዎቻቸው ከለከሏቸው። ቀረሁ እኔ።

«ሻሽ እየቀየርሽ ሦስቱንም ትሠሪያለሽ» አለኝ።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ እጁን ይዤ «ጋሼ፣ ግን ይወዱኛል?» አልኩት።

«ፍቅረኛሽን ነው ጋሼ የምትይው?»

«አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ጋሼ።»

ቃለ ተውኔቴን የማጠናው ልብስ ስተኩስ ነበር። አንድ ቀን አሠሪዬ ማዳም ስትገባ እንባዬ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አየችኝ። መርዶ የመጣብኝ መስሏት «ማን ሞተ?» አለችኝ በፈረንሳይኛ። የኔ ፈረንሳይኛ «ማንም አልሞተም፤ አንድ ሰው ትቶኝ ነው» እስከማለት ብቻ ነበር የሚያደርሰኝ። እቅፍ አድርጋ የሁለት ቀን ፈቃድ ሰጠችኝ። ሁለቱንም ቀን ልምምድ ላይ ዋልኩ።

እውነቱን ለመናገር እንባው ሁሉ የቴአትር አልነበረም። ሰውየው ረጋ ብሎ ሲያስረዳ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ደፈርኩና «እርስዎ ግን ሰው ወደው ያውቃሉ?» አልኩት።

«መውደድ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

እስካስረዳው ሻዬ ቀዘቀዘ። እሱ ማስታወሻ ይይዛል!

«ሁለት ሴቶች በደብዳቤ ተለይተውኛል» አለኝ በመጨረሻ። «የሁለተኛዋ ደብዳቤ ግሩም ነበር። ቴአትሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

«ቴአትሩ ላይ ግን እርስዎ ነዎት እኮ የሚተዉአቸው!»

«እሱ ለድርሰቱ አወቃቀር ሲባል ነው።»

በቴአትሩ ቀን የምግብ ቤቱ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። በቀይ ሻሽ ወደድኩት፤ አሰናበተኝ። ጥቁር ሻሽ አስሬ ሁለተኛዋ ሆኜ ስመለስ ፊት የተቀመጠ ሾፌር ብድግ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ አሁን አይደል እንዴ ያባረረሽ? ምነው ክብር የለሽም?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ምሁሩ ንግግሩን አቋርጦ «ይቺ ሌላ ሴት ናት!» ብሎ ጮኸ።

«ሻሽ ቀይራ ነው እንጂ ምን ሌላ ናት!»

እንደዚያም ሆኖ አሰናበተኝ። በነጭ ሻሽ ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ሳልናገር ተጨበጨበልኝ። እሱ ሦስተኛዋንም አሰናብቶ ረጅሙን ንግግሩን ጀመረ፤ ፍቅር ማለት ብቸኝነትን መፍራት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ እያለ ይቀጥላል። እኔ እዚህ ላይ ማልቀስ ነበረብኝ። እንባዬ እምቢ አለ፤ ቃሌም ጠፋኝ። ፊቱን ሳየው ግን ንዴቴ መጣ።

«ለመሆኑ ስሜ ማን ነው?» አልኩት።

ጽሑፉ ላይ ስም አልሰጠንም፤ ሴት አንድ፣ ሴት ሁለት፣ ሴት ሦስት ነበር የሚለን። ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ወረቀቱ አየ። ላቡ በአገጩ ወረደ።

«ሴት... ሦስት» አለ።

ሰው በሳቅ ከወንበር ወደቀ። «ነይ ውጪ የኔ ልጅ፣ ተይው!» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት ጭልፋዋን እንደያዘች። እኔም «ደህና ሁን፤ ዛሬስ የተውኩህ እኔ ነኝ!» ብዬ በሾፌሮቹ መሃል አልፌ ወጣሁ። ሁሉም እየተነሱ እጄን ጨበጡኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጥጉ ተነስቶ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ ልቤ ዘለለች።

«ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር» አለኝ።

«ስለ እኔ?»

«ስለ ጥያቄሽ። ጽሑፉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ግን 'ለመሆኑ' ካልሽ በኋላ ትንሽ ብታርፊ የበለጠ ይሰማል።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ እንዲያው ቀለል አለኝና «እኔ እኮ ወድጄህ ነበር» አልኩት።

መጽሐፉን ዘጋ። «መቼ?»

«ልምምድ ላይ። እንባዬን አላየህም?»

«አይቼዋለሁ። ጎበዝ ተዋናይ ናት ብዬ ነበር።»

ያኔ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥርሱ እንዴት ያምር ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ድሬዳዋ የማስተማር ሥራ አገኘ። ሊሰናበተኝ ሆዳን ድረስ መጣ። በሩ ላይ እጄን ይዞ ብዙ ቆመ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው።

«ሙቀቱ በረታ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ በጣም በርትቶ ነበር።