የት እንዳለ ያልታወቀ

ልጄ ለሰላም ማስከበር ሊላክ ታጭቶ ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእረፍት ሲመጣ የወታደር ቃላት ሊያጠና ይዞ መጣ። ብቻውን ማጥናት አይወድም። ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ እሱ ቃላቱን ጮክ ብሎ ይለኛል።

«እማዬ፣ ፕላቱን በይ።»

«ፕላቱን።»

«ጎበዝ! ቀጥሎ የምትዘምቺው አንቺ ነሽ።»

«ሽሮህን ማን ይሠራልሃል?»

እንዲህ እየሳቅን ብዙ ቃል አወቅሁ። አንድ ቀን «ሚሲንግ» አለኝ፤ የት እንዳለ ያልታወቀ ወታደር ማለት ነው።

«ሞተ ማለት ነው?»

«አይደለም እማዬ። የሞተ ሌላ ቃል አለው።»

ሳይፈተን ወደ ጦር ክፍሉ ተጠርቶ ዘመተ። ስልኩ መጥራት አቆመ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከክፍሉ የመጣልኝ መልእክት፣ ልጅሽ የት እንዳለ አልታወቀም የሚል ነበር።

የዕድራችን ሰዎች ማልደው መጡ። የለቅሶውን ድንኳን በባጃጅ ጭነው፣ ባጃጁን በራችን ላይ አቁመዋል። ክፋት የላቸውም፤ አልቅሼ እንዲወጣልኝ ብለው ነው።

«እህቴ፣ እርምሽን አውጪ» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«እርም የሚወጣው ለሞተ ነው፣ ጋሼ። የእኔ ልጅ ሚሲንግ ነው።»

ድንኳኑን መልሰው ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዘማቾች ሲጸለይ እነሣ ነበር። ልጆቻቸው ላረፉባቸው እናቶች ሲጸለይ ግን ቁጭ እል ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት በክራንች መጣ፤ ከልጄ ጋር አብሮ የዘመተ ነው። ውኃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሳይጨርስ አስቀመጠው።

«እማማ፣ አብሬው ነበርኩ። እኔም ቆስዬ ሆስፒታል ስለቆየሁ ነው ሳልነግርዎት የቀረሁት።»

ገባኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ብቻውን አልነበረም?»

«አልነበረም። እኔን ተደግፎ ነው ያረፈው።»

ጌታ ሆይ ተመስገን አልኩ። አሁንም አመሰግነዋለሁ። ልጄ በሰው ክንድ ላይ ነው የሞተው፤ ይህን ያላገኘች ስንት እናት አለች።

ምሳ አቀረብኩለት፣ በላ። ሲወጣ ሰፈራችን ጭቃ ስለሆነ ክራንቹ አስቸገረው፤ ክንዱን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ባጃጅ ላይ እስካሳፍረው ድረስ ቻልኩ። ስመለስ በራችን ጋ ሳልደርስ፣ መንገዱ መሐል ጮህኩ። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን እየለበሱ ወጡ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።