አጎቴ ያጠበቁት ሞላ

ትናንት በአጎቴ አርባ፣ ሚዛን ከተማ ባለው ግቢያቸው ውስጥ እኔ፣ ልጄ፣ የአጎቴ ልጅና ሁለት የዕድር ሰዎች ነበርን። ሁላችንም የአጎቴን ልማድ እናውቃለን። ሞተር ብስክሌታቸውን ሲያውሱ ሰውየውን ከነጭነቱ ያስቀምጡትና ኮርቻውን ቁልቁል ተጭነው፣ "መንገድህ ጭቃ ነው ድንጋይ?" ይላሉ። ከዚያ የኋላውን ሞላ እንደ ክብደቱ ያጠብቃሉ ወይም ያላላሉ። "ሞተሩ የተቀመጠበትን ሰው ይወቅ" ይሉ ነበር።

ልጄ ለሥራ ቱም ከተማ መሄድ ነበረባት። የአጎቴ ልጅ የአባቱን ሞተር ቁልፍ ወረወረላት። ሞላው ለአጎቴ ግዙፍ ሰውነትና ለቡና ጆንያቸው እንደጠበቀ ነው። እሷ ቀጭን ናት፤ ድንጋይ ላይ ያነጥራታል።

"ሞላውን አላላላት እንጂ!" አልኩት።

"እትዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ? ሞተር ሞተር ነው።"

"ይህ በአባትህ ግቢ ይባላል?"

የዕድሩ ሰዎች ሳቁ። አጎቴ ቢኖሩ ማን ይስቅ ነበር? ተነሥቶ ኮርቻውን የሚጫን አንድ እጅ ጠፋ። ተዝካራቸውን በልተን ልማዳቸውን ቀበርነው። ልጄም በእኔ አፍራ ሄደች።

እስካሁን አልደወለችም። ቱም ያላችሁ፣ በቀይ ሞተር የመጣች ቀጭን ልጅ ካያችሁ መድረሷን ብቻ ንገሩኝ።