ለንጉሡ የተዋስሁት ፊት

ከምርመራ በኋላ ያስገቡኝ ደብረ ማርቆስ ዳር ካለ የእህል መጋዘን ነበር። የጤፉ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። የዲማው የቅኔ መምህር ነበሩ።

ሠዓሊ ነኝ። ለአንድ አዳራሽ የድሮ የጎጃም ንጉሥ እንድሥል ታዝዤ ነበር። ዘውድና ካባ አያስቸግርም፤ ፊት ግን ሰው ይፈልጋል። የኔታን ለምኜ አስቀመጥኋቸው። ንጉሡ ተሸንፎ የተማረከ ነበርና፣ «የኔታ፣ የሚያሳዝንዎትን ያስቡ» አልኋቸው። ወጥቶ የቀረ ልጃቸውን አሰቡ። ያን ሐዘን እንዳለ ወደ ሸራው አሻገርሁት።

አዳራሹን የተረከቡት አዳዲስ ሹሞች ሥዕሉ አላማራቸውም። «ይህ የጥንት ሰው አይደለም። ማንን ልታነግሡ ነው?» ብለው ያዙኝ። የማን ፊት እንደሆነ አልተናገርሁም። መናገሬም አላስፈለጋቸውም፤ ሥዕሉን ያሳዩት ሰው ሁሉ «የኔታ!» አለ። አጥርቼ ሥያቸዋለሁ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ምን በድለህ? ይልቅ ንጉሡ ማንን መሰሉ?»

«እርስዎን።»

«ምስኪን ንጉሥ!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጠባቂዎቹ አለቃ ሥዕሉን፣ ጥቁር ቀለምና ብሩሽ አስይዞ ገባ።

«ፊቱን አጥፋና ቤትህ ግባ» አለኝ።

ብሩሹን ነከርሁ። ዓይኖቹ ከሸራው ላይ አዩኝ። ብሩሹን መልሼ ቀለሙ ውስጥ ነከርሁት።

«አምጣ ልጄ» አሉ የኔታ። ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «መሣሉ ያንተ ነበር፤ መደምሰሱ የኔ ይሁን።»

ብሩሹን ሲቀበሉኝ የተሰማኝ እፎይታ ነበር።

ጥቁሩን በገዛ ፊታቸው ላይ ቀስ እያሉ ቀቡት። ዓይኖቹ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ በለሆሳስ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። ከዚያ ሸፈኑት። ብሩሹንም ለአለቃው በሁለት እጃቸው፣ እንደ ወጉ፣ አቀበሉት። አለቃው ቀና ብሎ አላያቸውም።

እኔ በዚያው ቀን ወጣሁ። እሳቸው ክረምቱን እዚያው አሳለፉ።

ዛሬ ዲማ ተመልሰው ቅኔ ያስተምራሉ። በቀደም በሰው ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ምነው ጠፋህ? ለምን አትመጣም?»

«መንገዱ ተዘግቶ ነው የኔታ» አልኋቸው።

መንገዱ ክፍት ነበር።