ከሰይድ ጋር ወደ አቀስታ

ሰሞኑን ጉልበቴ አብጦ እዚሁ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ልጅ እግር ሐኪም ነው። ጉልበቴን ወዲያና ወዲህ ሲያጥፍ ቆየና ጥምጣሜን አየት አድርጎ፣ «አባ፣ ብዙ ቆመው ስለሚውሉ ነው» አለኝ። «አይ ልጄ፣ ሳይክል ነው» አልኩት። ሳቀ። አልፈረድኩበትም፤ ቄስና ሳይክል አብረው ሲነሡ ማንም ይስቃል። «የት አገር ነድተው ነው?» አለ። «በወጣትነቴ ከዚህ እስከ አቀስታ፣ ያውም እሽቅድምድም» ስለው ሳቁን አቆመ። መድኃኒት ጻፈልኝና «በሉ ከዛሬ ጀምሮ እግርዎን ያሳርፉ» አለኝ። ማሳረፍ! ማሳረፍ ብችል ኖሮ ዕድሜ ልኬን ምን አስቸገረኝ? ባለቤቴ፣ ምሳ ቀርቦልኝ እንኳ ተነሥቼ በር በሩን ካላየሁ እንደማልጎርስ ትመሰክራለች።

ያን ዘመን ዲያቆን ነበርኩ። አባቴ ቄስ፣ አያቴ ቄስ፤ የእኔም ነገር ከመወለዴ በፊት ያለቀ ነበር። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ፍጥረት ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲነፋ ሮጬ ደጅ እወጣለሁ። ይህ ሁሉ ሰው የት ነው የሚሄደው? እኔስ የማልሄደው ምን ስለሆንኩ ነው? ከዚያ አንድ የግብርና ሠራተኛ ሲዛወር የተወልኝን ማውንቴን ሳይክል አስነሥቼ ከከተማው እወጣለሁ። የፊት ፍሬኑ ጨርሶ አይዝም፤ የኋላውም ደስ ሲለው ነው። ቁልቁለት ላይ በጫማዬ ሶል ጎማውን ተጭኜ ነበር የማቆመው። እናቴ የተበላውን ጫማ እያየች «ይሄ ልጅ እግሩንም ሳይጨርስ አይቀር» ትል ነበር።

አንድ ኅዳር ላይ ወሬ መጣ። ከደሴ የመጡ አሰልጣኝ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ የሳይክል ውድድር ያዘጋጃሉ፤ አንደኛ የወጣውን ብቻ ደሴ ወስደው ያሠለጥናሉ ተባለ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። አባቴን ፈቃድ ጠየቅኋቸው። ዳዊታቸውን አጥፈው አስቀመጡና፣

«አንደኛ ከወጣህ መርቄ እሸኝሃለሁ» አሉ። «ካልወጣህ ግን ይህን የብረት በቅሎህን ታስቀምጥና ትዳር ትይዛለህ። ክህነቱንም ትቀበላለህ። ተስማማን?»

«ተስማማን!» አልኩ። መሸነፍ የሚባል ነገር ለአፍታ እንኳ አልታየኝም።

ውድድሩ የተጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ብርዱ ጣት ያደርቃል። ገብስ ታጭዶ በየአውድማው የተከመረበት ወቅት ስለነበር በሬዎቹ ገና በጠዋቱ ውቂያ ገብተዋል፤ ገለባው በነፋስ መንገዱን እያቋረጠ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። እናቴ በማር የለወሰችልኝን የበሶ ጭብጦ በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ይዣለሁ። እየነዳሁ ቆረስ እያደረግሁ እጎርሳለሁ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ያህል የጣመኝ ምግብ ትዝ አይለኝም። በየደረስንበት ገበሬው ሥራውን አቁሞ ያየናል። አንዱማ ከአውድማው ላይ ሆኖ «ምን ሰርቃችሁ ነው?» ብሎ ጮኸብን።

ሰው እየተንጠባጠበ ቀረና መንገዳችንን ከሚያቋርጠው ወንዝ ማዶ ያለውን ዳገት ስንጀምር ሁለት ብቻ ሆንን። ሰይድ ይባላል፤ የወረኢሉ ከብት ነጋዴ ልጅ፣ እግረ ረጅም፣ ወሬው የማያልቅ። እያለከለከ እንኳ ያወራል። «አብሽር ዲያቆን፣ ደርሰናል» ይለኛል። አልደረስንም። የአዘጋጆቹ መኪና የመጨረሻው ተወዳዳሪ እስኪሻገር ወንዙ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፤ ከላይ ሆነን ስናያት የክብሪት ቀፎ አክላለች። ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት የምናውቀው እኔና ሳንባዬ ብቻ ነን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ነፋሱ ከኋላችን ሆነ፣ እኔም ሰይድን ቀስ በቀስ እየቀደምኩት ሄድኩ። ደሴን አየኋት። በእውነት አየኋት፤ ፒያሳዋን ሳይቀር።

በዚህ መሀል ነው ከፊት ለፊታችን ሰዎች የመጡት። አንድ ቄስ መስቀል ይዘው ይመራሉ፤ አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ይከተላሉ፤ ቃሬዛው ላይ እስከ አናቱ በጋቢ የተሸፈነ ሰው አለ፤ ከኋላ ሴቶች። ማንም አይናገርም። በአገራችን አስከሬን መንገድ ላይ ያጋጠመው ሰው በቅሎም ላይ ይሁን ፈረስ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ጥቂት ይሸኛል። ስለ ሳይክል የተነገረ ነገር ባይኖርም ወረድኩ። ሰይድም ደርሶ ወረደ። ኮፍያችንን አውልቀን፣ ሳይክላችንን አዙረን እየገፋን ከቃሬዛው ጎን መራመድ ጀመርን። እግሬ ይቁነጠነጣል፤ በልቤ «እስከዚያች ድንጋይ ብቻ፣ ከዚያ እመለሳለሁ» እላለሁ። የቄስ ልጅ ነኝና ዝም ብሎ መሄዱ ደግሞ አላስቻለኝም። ቅዳሴ በለመደ ድምፄ፣

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ነፍስ ይማር» አልኩ።

ጋቢው ተንቀሳቀሰ።

«ኧረ አለሁ!» አለ የሴት ድምፅ ከውስጡ።

ባለሁበት ደረቅሁ። ሰይድ «ያረቢ!» ብሎ አፉን ያዘ። ለካ ሴትዮዋ ምጥ ይዟት አድራ ወደ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት እየወሰዷት ነው። የሸፈኗት ለነፋሱ ነው፤ ዝም ያሉት ከድካም ነው። የቃሬዛውን ጫፍ የያዘው ባሏ፣ እንባው ከአቧራው ጋር ፊቱ ላይ ጭቃ ሆኖ፣

«አሟረትክብኝ!» አለ። «የቤተ ክህነት ሰው ሆነህ በአፍህ ቀበርካት! ቃልህን መልስ!»

«ተው እንጂ፣ ልጁ ሳያውቅ ነው» አሉ ቄሱ።

«ይመልስ!»

ቃል እንዴት ይመለሳል? የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ። ወደ ኋላ አየሁ፤ የአቀስታው መንገድ ጭር ብሎ ተዘርግቷል። ወደ ፊት አየሁ፤ ያ ዳገት አሁን ለእነሱ ገደል የሚያህል ቁልቁለት ነው፣ መኪናዋም ከታች ናት። ምጥ የያዛት ሴት በትከሻ ያን ስትወርድ ታየችኝ። ደግነት ነው ብዬ አልመጻደቅም፤ ፍርሃት ነበር። ብትሞት የገደላት የእኔ አፍ ነው የሚል ፍርሃት።

«ሰይድ፣ አንተ ሂድ። እኔ መኪናዋን አመጣለሁ» አልኩት።

«አብረን እንውረድ እንጂ!»

«ለአንድ መኪና ሁለት ሰው ምን ያደርጋል? ሂድ ብዬሃለሁ!» ጮኽኩበት። እሱ ምን አደረገኝ?

«አላህ ያግዝህ ወንድሜ» ብሎ ሄደ።

ቁልቁለቱን ስወርድ የጫማዬ ሶል ጨሰ። ዳገቱን የሚወጡት ተወዳዳሪዎች ሁሉ «ወዴት ነህ? መንገዱ በዚህ ነው!» ይሉኛል። አንዱ «ዲያቆኑ አበደ» ብሎ ቆሞ ሳቀ። ታች ስደርስ ሹፌሩ ጥላ ሥር ቆሎ ይቆረጥማል። «ያለ ትእዛዝ አልንቀሳቀስም» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ምጥ የሚለውን ሲሰማ ግን ቆሎውን በትኖ ተነሣ። ሴትዮዋን ጭኖ ሲመለስ ወንዙ ዳር ቆሜ አየኋቸው። ባሏም አየኝ።

ከዚያ ያንኑ ዳገት እንደገና ወጣሁት። ለምን አትበሉኝ፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። አቀስታ ስደርስ ገበያው እየተበተነ፣ ጭብጨባውም አልቆ ነበር። አንደኛ የወጣው ሰይድ ሻይና ዳቦ ገዝቶ ጠበቀኝ። ዝም ብለን በላን። ሰይድ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። አባቴ ወሬውን ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝና «ደግ ሠራህ፤ እኔንም አስከበርከኝ» አሉ። ልቤ ተስፋ አደረገ። «ውላችን ግን ውል ነው» ብለው ጨመሩ። ባልየውም ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ እግርህ ላይ ካልወደቅሁ እያለ፣ ልጁን ክርስትና እንዳነሣለት ለመነኝና አበልጅ ሆንን። ከተማው ሁሉ መረቀኝ። እውነቱን ለመናገር ምርቃቱ በበዛ ቁጥር ንዴቴ ባሰ። እኔ የፈለግሁት ደሴን ነበር። በሠርጌ ማግስት የአውቶቡሱን ጡሩምባ ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሙሽራዬ ብርድ የመታኝ መስሏት ጋቢ ደረበችልኝ።

ሰይድ ደሴ ጥቂት ቆይቶ ወረኢሉ ተመለሰና እንደ አባቱ ከብት ነጋዴ ሆነ። ደሴ የሚኖረው የክርስትና ልጄ ነው፤ ለበዓል ሲመጣ «አባ፣ ደሴ ምን አላት ብለው ነው?» ይለኛል። ደግ ሥራ ልብን ያሳርፋል ይባላል፤ እኔም ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ስንቴ ሰብኬዋለሁ። ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ አደርጋለሁ። አድርጌም ያንኑ ያህል ይቆጨኛል። ሁለቱ በአንድ ሆድ እንደሚያድሩ ያስተማረኝ መምህር የለም።

ካቻምና ለንግሥ ወረኢሉ ሄጄ ሰይድ ቤት ጎራ አልኩ። ሻይ እየጠጣን ዕድሜ ልኬን የያዝኳትን ጥያቄ አወጣኋት።

«እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ከሳይክላችን ባንወርድ ኖሮ ማን ይቀድም ነበር?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወላሂ፣ አንተ» አለኝ።

እውነቱን ይሁን ለእንግዳ ክብር፣ አላወቅሁም። «እኔ» ቢለኝ ኖሮ ተናድጄ፣ ተሟግቼው ይወጣልኝ ነበር። «አንተ» ካለኝ ወዲህ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ መቅደስ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ ሾልኮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እቀድመዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ይቀድመኛል፤ አቀስታ ሳንገባ ቅዳሴው ያልቃል።