የዘገየው አሜን

ባሌ ታመነ እዚህ ኬንያ፣ ኢስትሊ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ ውሎ ኪሌሌሽዋ ቤታችን ይገባና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የኢንተርኔቱ ሞደም ፊት ይንበረከካል። «ለጸሎት እንዲህ በተንበረከክህ!» እለዋለሁ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አባቱ ጋሽ ሐብተማርያም፣ ያለ ፈቃዳቸው እኔን ስላገባ ለዓመታት አኩርፈውታል። ታመው ስዊድን ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያ ሳሉ በስንት ልመና፣ «እሺ፣ ፊታችሁን እያየሁ እመርቃችኋለሁ» አሉ። ስልክ አይሆንም፤ በኮምፒውተር ነው።

የእኛ ድምፅ ደግሞ ሦስት ሰከንድ ያህል እየዘገየ ነው የሚደርሰው። ታመነ ፈጣን የተባለውን መስመር አስገባ፤ ወይ ፍንክች! ሊያየው የመጣው ፉንዲ፣ የመስመሩ ቴክኒሻን፣ ሳቀበት። «ይኼ መንገዱን ያሰፋዋል እንጂ አያሳጥረውም። ቃላችሁ ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት ደርሶ ነው የሚወርደው» አለው። ልጃችን ቤቲ ፊልም ማውረዷን ስታቆም መዘግየቱ ወደ አንድ ሰከንድ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ሰከንድ ምን አላት? ለምርቃት ብዙ ናት እንጂ! ሽማግሌ ሲመርቅ አሜኑን ከአፉ ነው የሚቀበሉት። አሜናችን እንደሚዘገይ ቀድመን ብንነግራቸውም፣ «ለአሜን ደግሞ ምን ጥበቃ አለው?» ብለው አጣጣሉት።

ቀኑ ደረሰ። ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን።

«ትዳራችሁን ይባርክ» አሉ።

«አሜን!» አልን። እሳቸው የሰሙት ዝምታ ነው።

«ልጃችሁን ለወግ ለማዕረግ...» ሲሉ የፊተኛው አሜናችን ደርሶ አፋቸውን ዘጋባቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«አያዬ፣ ዲሌይ ነው! ፖሌ ሳና!» አለች ቤቲ፣ በስዋሂሊ ይቅርታ እየለመነች።

«አሜን ለማለት የሚያመነታ ልጅ አልወለድኩም! በቃኝ!» ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ታመነ ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አባባ፣ ብያለሁ እኮ! ብያለሁ!» ይላል፤ ማን ይስማው? ንድድ አለኝ፤ በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም።

ዳግመኛ እሺ አላሉም። ለፋሲካ ሳይደርሱ አረፉ።

በዚያው ዓመት ክረምት የባሕር ውስጥ ገመድ ኬንያ ገባ። ፉንዲው መጥቶ መስመራችንን ቀየረልን፤ ድምፁ አሁን ሄደ ሳይሉት ይደርሳል።

«በል፣ የፈለግኸው ሰው ጋ ደውልና እይ!» አለው እየፈነደቀ።

ታመነ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈ።

«ማን ጋ?» አለ።