ሞቶ ባርኔጣውን ያነሳው ሰው

ሆሬስ ማብሪ በቺካጎ ደቡብ ሰፈር፣ በ47ኛው ጎዳና፣ አውቶቡስ ሲነዳ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዋሽቶ የተሳካለት ቀን የለም። ምላሱ ፈጣን ነው፤ ፊቱ ግን አያግዘውም። ስለዚህ በዚያ ሲኒማ ቤቱን ሁሉ ጥቁር ጀግና በያዘበት ዘመን፣ አንድ ውሸት አምስት ወር ሙሉ ሳይታወቅበት ሲቀር በራሱ ተገርሞ ነበር።

ውሸቱ የባርኔጣ ነው። ባርኔጣው የአማቱ የኢዜል ፑል ነበር፤ ግራጫ፣ ጠርዙ ሰፋ ያለ፣ ሰማያዊ ላባ የተሰካበት። ኢዜል ከሚሲሲፒ በባቡር መጥቶ ቺካጎ በገባ በሳምንቱ የገዛው ነው። ከሞተ ወዲህ ልጁ ቬርኔል፣ የሆሬስ ሚስት ማለት ነው፣ በክብ ካርቶን አድርጋ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አኑራዋለች። በዓመት አንዴ ታወርደዋለች፣ ትቦርሸዋለች፣ ትመልሰዋለች። በዚያ ቤት ሆሬስ እንዳይነካው የተከለከለ ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

በመጋቢት የፊልም ሰዎች ወደ ሰፈሩ መጡ። በፊልሙ ላለው የሄሮይን ነጋዴ ጠባቂ የሚሆኑ ስምንት ወንዶች ይፈለጋሉ፤ ሙሉ ልብስና ጥሩ ባርኔጣ ያለው ብቻ ይምጣ ተባለ። ሆሬስ ሙሉ ልብስ አለው። ለራሱ ያለው ግን የሹፌር ቆብ ነው፤ የሹፌር ቆብ ያደረገ ወሮበላ ደግሞ ማንንም አያስፈራም። ቬርኔል ለመዘምራን ልምምድ ስትወጣ ጠብቆ ካርቶኑን አወረደ።

በማግስቱ ካሜራ ፊት፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ ባርኔጣው ከራሱ ላይ ወልቆ ጭቃ ውሃ ውስጥ ገባ። ቤት ሲመለስ ያገኘውን የጥርስ ብሩሽ አንስቶ ፈተገው። ጭቃው ለቀቀ፤ ከጠርዙ በስተኋላ ግን ትንሽ ጥቁር ነገር ቀረ። ያንን ወገን ወደ ግድግዳው አዙሮ መለሰው።

ባርኔጣውን ቢደብቅም አፉን መደበቅ አልቻለም። በነሐሴ የፊልሙ ማስታወቂያ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ጎን ላይ ተለጠፈ። ነጎድጓድ ሆጅ የተባለው ጀግና ሽጉጡን ደግኖ ቀኑን ሙሉ አብሮት ሲዞር ዋለ። ሰው እንዴት ይቻለው? የዚያኑ ዕለት ማታ ጓደኛው ስኪት ፀጉር ቤት ገብቶ፣ ጢሙን እየተላጨ ተናገረ።

«ከነጎድጓድ ሆጅ ጋር ተታኩሻለሁ።»

«ስንት ጥይት ተኮስክበት?» አለ ስኪት፣ ምላጩን ከሆሬስ ጉንጭ ላይ ሳያነሳ።

«ስድስት።»

«አንዱም አልነካውም?»

«ጀግናው እኮ ነው፤ እንዴት ይንካው?»

«እሱስ እውነት ነው። አንተ የቆመ ፌርማታ እንኳ ትስታለህ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ሆሬስ እዚያ ወንበር ላይ ሁለቱም ደረሱበት። ወሬው በስኪት ሚስት በኩል ቬርኔል ዘንድ ገባ።

«ባሌ ሲኒማ ሠርቶ እኔ ከጎረቤት ልስማ?»

«እንዲያው ትንሽ ነገር ናት። የምትታይ አይደለችም።»

«ቅዳሜ ሄደን እናያታለን።»

«ፓስተሩ እንዲህ ያለ ፊልም ኃጢአት ነው ብለው የለም እንዴ?» አለ ሆሬስ በተስፋ።

«ፓስተሩን ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይተዋቸዋል። አንተ ለራስህ ነፍስ አስብ።»

ሆሬስ ለነፍሱ ሳይሆን ለመቀስ ጸለየ። ጌታ ሆይ፣ ያቺን ቁራጭ ከፊልሙ ላይ አስቆርጥልኝ እያለ ሰነበተ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የስኪት ፀጉር ቤት ሰዎች አንድ ረድፍ ሙሉ ይዘዋል። በዚያ አዳራሽ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የታመመ ነው የሚመስላቸው። «በሩን አትክፈት፣ ሞኝ» ይላል አንዱ። «ነግሬው ነበር» ትላለች ሌላዋ። ቬርኔል ብቻ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች ሁሉ ጭጭ ብላለች። ነጎድጓድ ሆጅ ጉቦ የሚበላውን ነጭ ፖሊስ በአንገትጌው ይዞ ከደረጃ ሲወረውረው፣ ዕድሜያቸውን «አቤት ጌታዬ» ሲሉ የኖሩ ሽማግሌዎች ቆመው አጨበጨቡ። ሆሬስም ባርኔጣውን ረስቶ አጨበጨበ። የሚወደው ይህን ነው። ታሪኩ ውል የለውም፤ ደሙም ቀለም መሆኑ ያስታውቃል። ግን ፊልሙ ሲያልቅ ጥቁሩ ሰው በሕይወት አለ።

ከዚያ ጋራዡ መጣ። ከስምንቱ ጠባቂዎች መጀመሪያ የተመታው ሆሬስ ነው። ሽጉጡን እንኳ አላወጣም።

«ስድስቱ ጥይት የት ገባ?» አለ ስኪት ከኋላ።

ሟቹ ወደቀ፣ ባርኔጣውም ውሃ ውስጥ ገባ። ነገሩ እዚያ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን የሟቹ እጅ ቀስ ብላ ተዘረጋች፤ ባርኔጣውን በጠርዙ ያዘች፤ ከውሃው ጎትታ ደረቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሰውዬው እንደገና ሞተ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ይሄ ለገዛ ቀብሩ መልበሱ ነው» አለ አንዱ። ሆሬስ ግን የሚያየው ላባውን ብቻ ነበር፤ የቤት በር አክሎ፣ ሰማያዊነቱ አፍጥጦ ወጥቷል።

«ያ የአባዬ ባርኔጣ ነው» አለች ቬርኔል።

«አዎ።»

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሰው ተነሣ፤ እሷ አልተነሣችም።

«የጥርስ ብሩሼ ለምን ግራጫ ሆነ ስል ነው የከረምኩት» አለች።

«ያንቺ መሆኑን አላወቅኩም።»

«አባዬ ሚሲሲፒ ሳለ ሲኒማ የሚገባው በውጭ ደረጃ ነበር፤ ጥቁሮችን ጣሪያ ሥር ነው የሚያስቀምጧቸው። ነጭ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ባርኔጣውን ያወልቃል። ይሄን ሲገዛ ለማንም ላያወልቀው ምሎ ነው።»

«አውቃለሁ። አትንቀሳቀስ፣ ሞተሃል ብለውኝ ነበር። ግን ውሃ ውስጥ ወድቆ ሳየው እጄ እምቢ አለኝ።»

ስኪት እየሳቀ መጣ። «ወንድም ማብሪ፣ ስድስቱን ጥይት…»

«ስኪት፣ ተቀመጥ» አለች ቬርኔል። «ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው።»

ተቀመጠ። መብራት ጠፋ፤ ፖሊሱ ከደረጃ ተወረወረ፤ ጋራዡ መጣ። ሆሬስ ወደቀ፣ ባርኔጣው ውሃ ውስጥ ገባ። አንድ ሰው እንኳ ለመሳቅ አፉን ሳይከፍት፣ ሲኒማ ቤት ተናግራ የማታውቀው ቬርኔል በዚያ በመዘምራን ድምፅዋ አዳራሹን ሞላችው።

«አንሳው፣ ሆሬስ።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ሟች እጁን ዘረጋ።